ስለ አሮጌ ልብስና ስለ መርፌ

አንባቢ ሆይ፤ ተቀዶ ያልተሰፋ ልብስ ለብሶ በአደባባይ መታየት ያሳፍራል፤ የተጣፈ ልብስ ለብሶ መታየት ግን ከዚያ ይልቅ የሚያሳፍረው ሰው ብዙ ነው። ቀዳዳው ድንገት የደረሰበት ነው ተብሎ ይታለፍለታል፤ እራፊው ግን ድኽነቱን ቁጭ ብሎ የተቀበለ ሰው ምልክት ይመስለዋል። ይህ ኀፍረት ተገቢ ነውን? ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ለሰው ድካም ያለንን አክብሮት የሚገልጥ ነውና አብረን እንመርምረው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በምሥራቅ በኩል የሚታየው የጉና ተራራም ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በፋርጣና በጋይንት ደጋ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነውና ጋቢ ቀን ልብስ፣ ሌሊት መኝታ ነው። ጥጥ ግን በዚህ ደጋ አይበቅልም፤ ከቆላ መጥቶ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ሴቶች ፍሬውን በመዳመጫ ይለዩታል፤ በደጋን ይነድፉታል፤ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔውም እግሩን ከጉድጓድ አግብቶ ይሠራዋል። ዛሬ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉ ገና የእጅ ፈትል ነው። ነጠላ አንድ እጥፍ፣ ኩታ ሁለት፣ ጋቢ አራት እጥፍ ነውና የአንድ ጋቢ ቀዳዳ የጨርቅ ቀዳዳ ብቻ አይምሰልህ፤ የተቀደደው የብዙ ምሽት ፈትል ነው።

ይህን የሚሠሩ ሰዎች በአገራችን ሲናቁ ኖረዋል። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብና ቡዳ እያሉ መስደብ የተለመደ ነበር፤ በጎንደርም ምድር በሽመናና በብረት ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ቤተ እስራኤሎች ይህን ስድብ ብዙ ተሸክመውታል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። ሸማኔውን እየናቀ በሸማው የሚያጌጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ ጋፋት አለች፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን (1847–1860 ዓ.ም.) የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሚሲዮናውያን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ የሠሩባት ስፍራ ናት። ስሟ እስከ ዛሬ የሚነሣው በመድፉ ነው። በዚያው ዘመን ሰውን ከጉና ብርድ ያዳነው መርፌ ታሪክ ጸሓፊ አላገኘም።

አንተ ተማሪ ሆይ፤ ልብስህን የሚጥፍልህ ማን ነው? ምናልባት እናትህ፣ ምናልባት እኅትህ፣ ምናልባትም በቤታችሁ ያለችው ሠራተኛ ትሆናለች። መስፋት የሴት ሥራ ነው ትል ይሆናል። ነገር ግን በየሱቁ በረንዳ በስፌት መኪና የሚሰፉት አብዛኞቹ ወንዶች አይደሉምን? በጋይንት ቤተ ልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቁ ጉባኤ ቤቶች ናቸው፤ ከእናቱ ርቆ በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚማር ልጅ ደበሎው ሲቀደድ የሚሰፋለት ስለሌለው ራሱ ይሰፋዋል። የብራና መጽሐፍም ገልጠህ ብታይ፣ ቆዳው ሲወጠርና ሲፋቅ የተበሳው ስፍራ ብዙ ጊዜ በክር ተሰፍቶ ይገኛል። ጸሓፊው ስፌቱን አልሸሸገውም፤ ቃሉን ከስፌቱ ወዲህ አቁሞ ከወዲያው ይቀጥላል፤ አንባቢውም ስለ ስፌቱ ብሎ መጽሐፉን አይንቅም። ሽማግሌዎች መጽሐፍን «መጣፍ» ማለታቸውን፣ ልብስን በእራፊ መስፋትም «መጣፍ» መባሉን ባሰብሁ ቍጥር ደስ ይለኛል።

እንግዲህ መርፌውን ያዝ። ልብሱን አስቀድመህ እጠበው፤ በእድፍ ላይ የተሰፋ ስፌት እድፉን ይዞ ይቀራልና። ከደረቀ በኋላ ወደ ብርሃን ዘርግተህ ተመልከተው። ጨርቅ ከመቀደዱ በፊት ይሳሳል፤ የሳሳውም ስፍራ ብርሃን ያሳልፋል። ብዙ ሰው ቀዳዳውን ብቻ ይሰፋና በማግስቱ ከስፌቱ አጠገብ ሲተረተር ይገረማል፤ መርፌው ከሳሳው ስፍራ አልፎ ጤነኛውን ጨርቅ መያዝ ነበረበት። ጋቢ ከሆነ አራቱን እጥፍ ባንድነት አትውጋ፤ የተቀደደው የላይኛው እንደ ሆነ እርሱን ብቻ ለይተህ ጥቀመው፤ አለዚያ ይኰማተርብሃል። ክሩም ለስላሳ ይሁን። የናይለን ክር ጠንካራ ነው ተብሎ ይመረጣል፤ ነገር ግን ያረጀውን ፈትል ውሎ አድሮ ይቈርጠዋል።

እራፊውንም ከአሮጌ ጨርቅ ውሰድ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ስለ አዲስ እራፊ የሰጠው ምሳሌ የተወሰደው ከዚሁ የቤት ሥራ ነው። ውሃ ያልነካው ጨርቅ በታጠበ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም የደከመውን ጨርቅ ከዙሪያው ስቦ ይቀደዋል። መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ይህን ምሳሌ በወሬ ብቻ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ በችኰላ ማድረግ አይቻልም። አሳቡ የባከነውን ሰው መርፌው ጣቱን ይወጋዋል፤ ባይወጋውም አንዱ ረዥም አንዱ አጭር የሆነው ስፌት ይመሰክርበታል። ስለዚህ መጣፍ ልቡናን መሰብሰብ ያስተምራል፤ አንድን ጉዳት ሳይሸሹና ሳይቈጡ፣ ዳርቻው የት እንደ ሆነ እስኪታወቅ ድረስ መመልከትን ያስለምዳል። መርፌ የያዘ ሁሉ ደግ ይሆናል ግን አልልም፤ እየሰፉ ጎረቤት ማማት እንደሚቻል ማን የማያውቅ አለ?

«ልባሽ ጨርቅ በርካሽ ሲገኝ በእራፊ ስቀመጥ ጊዜዬ ይጠፋል» የሚል አለ። ከጧት እስከ ማታ ለእንጀራው የሚሮጥ የቀን ሠራተኛ ይህን ቢል እውነቱን ነው፤ አልፈርድበትም። ምሽቱን በከንቱ ጨዋታ የሚያሳልፍ ሰው ሲናገረው ግን ይደንቀኛል።

የተጣፈ ልብስም ሊዋሽ ይችላል። በኢያሱ መጽሐፍ በ9ኛው ምዕራፍ የገባዖን ሰዎች አሮጌ ልብስ ለብሰው፣ የተጠገነ ጫማ አድርገው ከሩቅ አገር የመጡ መስለው እስራኤልን አታለሉ። በሣጥኑ ሦስት አዲስ ጋቢ ቈልፎ፣ ለማኝ እንዳይጠይቀው ድሪቶ ለብሶ የሚወጣ ባለጸጋ ከእነርሱ በምን ይለያል?

ከዚህም የከፋ አለ። የተቀደደውን ልብስ ሳይሰፋ፣ ሳያጥብም፣ ለድኻ ጥሎ መጸወትሁ የሚል ሰው ቀዳዳውን ከራሱ ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ እንጂ ምን ሰጠ? በሐዋርያት ሥራ በ9ኛው ምዕራፍ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት በእጅዋ የሠራችውን ልብስ ነበር። አንተም ልትሰጥ ያሰብኸውን ልብስ ዛሬ ማታ ወደ መብራት አቅርበው፤ የሳሳውን ስፍራ ፈልግ፤ የጐደለውንም ቍልፍ ትከልለት።

መርፌ ሊይዘው የማይችል ጨርቅ ሲገኝ ደግሞ መጣፉን ተው። ያረጀ ጋቢ ከመሐሉ ደኅና የሆነው ተቈርጦ ሕፃን ይታቀፍበታል፤ ከዚያም የተረፈው ለሌላው ጋቢ እራፊ ይሆናል፤ የመጨረሻው ቍራጭም የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል።