የአደራ ጀግኖች

አንድ ከያኒ የእርሱ ላልሆነ፣ ነገም የእርሱ ለማይሆን ሥራ ምን ያህል ታማኝ መሆን ይገባዋል? ጥያቄው ለቲያትር ሰው እንግዳ አይደለም። ደራሲው ድርሰቱን ለአዘጋጅ፣ አዘጋጁ ለተዋናይ፣ ተዋናዩም ለተመልካች ያስረክባል፤ መጋረጃው ሲዘጋ «ይህ የእኔ ብቻ ነው» የሚል ሁሉ ከፊል ሐሰት ይናገራል። ሆኖም የቲያትር ደራሲ ቢያንስ ስሙ በድርሰቱ ሽፋን ላይ ይቀመጥለታል፤ ገጸ ባሕርዩንም ሌላ ሰው አንሥቶ በሚቀጥለው ወር አይድረውም፣ አይገድለውም። ይህ ሁሉ ያለ ደራሲው ፈቃድ የሚፈጸምበት፣ መፈጸሙም እንደ ደንብ የሚቆጠርበት አንድ የጥበብ ዘርፍ ግን አለ። እርሱም ኮሚክስ እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ ልዕለ ኃያላን ጀግኖች ሥዕላዊ መጽሔት ነው።

ዘርፉን የልጆች መጫወቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። መናቁ ግን ጥያቄውን አይመልስልንም፤ እንዲያውም የባለቤትነት ነገር እንደዚህ ዕርቃኑን የቆመበት ሌላ መድረክ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1938 ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሱፐርማንን ከነሙሉ መብቱ በ130 ዶላር ሸጡ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ጀግናው የኩባንያ ንብረት ሆኖ በብዙ እጅ ተጻፈ፤ የፈጣሪዎቹ ስም ተመልሶ እንዲሰፍርና መጦሪያም እንዲቆረጥላቸው የተስማሙት በ1975 መጨረሻ ነው። ጸሐፊው የጉልበቱን ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ጀግናው ከባለሀብቱ ጋር ይቀራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዕድሜዋን የሠራች አንዲት ሴት ለጥያቄያችን ጥሩ ማስረጃ ትሆነናለች። ሉዊዝ ሳይመንሰን በ1946 በአትላንታ፣ ጆርጂያ ተወለደች። በ1974 ዋረን በተባለ አሳታሚ ዘንድ ገብታ ክሪፒ፣ ኢሪና ቫምፒሬላ የተባሉትን የአስፈሪ ታሪክ መጽሔቶች እስከ ማዘጋጀት ደረሰች። በ1980 ወደ ማርቭል ኩባንያ ተሻግራ ኤክስ ሜን የተባለውን መጽሔት አዘጋጀች፤ ጸሐፊው ከ1975 ጀምሮ ይዞት የቆየው ክሪስ ክሌርሞንት ነበር።

እዚህ ላይ ቋንቋችን የሚረዳን ይመስለኛል። በአማርኛ የመጽሔቱም ሰው የመድረኩም ሰው «አዘጋጅ» ነው። ማዘጋጀት ማለት ሌላው መጥቶ የሚቆምበትን ቦታ ማስተካከል ነው። የአዘጋጅ ምግባር የሚለካው በማይታየው ነው፦ በጊዜው በተጠየቀ አንድ ጥያቄ፣ ሳይታተም በቀረ አንድ መጥፎ ገጽ። ለዚህ የሚያጨበጭብ የለም፤ ያልታተመ ስሕተት ምስክር የለውምና። እንግዲህ ሳይመንሰን ሙያውን የጀመረችው በሌላው ሥራ ላይ ዘብ በመቆም ነው።

ከዚያ ወንበሯን ትታ ወደ ጽሕፈቱ ዞረች። በ1984 ከሠዓሊዋ ከጁን ብሪግማን ጋር ፓወር ፓክ የተባለውን መጽሔት ፈጠረች። ጀግኖቹ አራት ወንድማማችና እኅትማማች ሕፃናት ናቸው፤ ከሌላ ዓለም የመጣ ፈረስ መሰል ፍጡር ሲሞት ኃይሉን ከፋፍሎ ያወርሳቸዋል። የመጨረሻዋ ኬቲ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ድርሻዋ ግን የነካችውን ነገር አፍርሶ ወደ ጉልበት የሚለውጥ፣ ያንኑም የሚወረውር አስፈሪ ኃይል ነው። ወላጆቻቸው አያውቁም። በዚያ ዘርፍ ኃይል ብዙውን ጊዜ የጎልማሳ ጡንቻ ሽልማት ነበር። እዚህ ኃይል ከሟች የተቀበሉት አደራ ነው፤ ተቀባዮቹም ለመሸከም ያልደረሱ ናቸው። ከሟች የተቀበለ፣ «አልቻልኩም» ቢልስ ለማን ይመልሳል? የኃይልን ሥነ ምግባር ለመመርመር ከዚህ የተሻለ መነሻ በብዙ ከባድ መጻሕፍትም አላገኘሁም።

የራስን ልጅ ማሳደግ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። በ1986 ኤክስ ፋክተር የተባለውን መጽሔት ከሌላ ጸሐፊ እጅ ስትረከብ ከሥራው ጋር ዕዳም ተረከበች። በ1980 የሞተች አንዲት ጀግና በኩባንያው ውሳኔ ከሞት ተነሥታ ነበር፤ ሳይክሎፕስ የተባለው ጀግናም የቀድሞ ፍቅረኛው ተመለሰች ሲባል ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ጥሎ ሄዷል። ይህን የጻፈችው እርሷ አይደለችም። ነገሩን ዝም ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ጀግኖች ይዋጋሉ፣ አንባቢ ይረሳል። ሳይመንሰን ግን ሰውየውን ወደ አላስካ መልሳ የቤቱ በር ላይ አቆመችው። ቤቱ ባዶ ነው። ጀግናው የሸሸውን እንዲያይ ተገደደ። ሌላው ያጎደለውን ደራሲዋ እንደ ራሷ ዕዳ ቆጠረችው ማለት ነው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አደራ ማለት የማን አደራ? የባለሀብቱ ከሆነ፣ ታማኝነት የሚባለው ነገር ደመወዝን ለማሳነስ የተፈለሰፈ ጌጥ ሊሆን ይችላል። «ለፍቅሩ እኮ ነው የምትሠራው» የሚለውን ቃል የማያውቅ ከያኒ የለም። ጆይ ሀመል የተባለች ወጣት ከ1944 እስከ 1947 ከ70 በላይ የወንደር ውመን ታሪኮችን ጻፈች፤ የታተሙት ቻርልስ ሞልተን በሚለው የአሠሪዋ የብዕር ስም ነበር። በይፋ ተሸለመች ቢባል በ2018 ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋ 94 ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ ስሟ ያልነበረበትን ሥራ «በአደራ ጠብቃለች» ማለት ግፉን ማሳመር ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት አደራው የባለቤቱ አይደለም፤ የገጸ ባሕርዩና የአንባቢው ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳንቲሙን ቆጥሮ መጽሔቱን ሲገዛ መብቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ትናንት ያወቀው ሰው ዛሬም ያው ሰው መሆኑን ግን ይጠይቃል። ኩባንያው ሊገዛው የማይችለው ይህን ነው። ይህ አባባል ተቺዎች እንደሚሉት ገርነት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከዚህ የተለየ የደራሲ ግዴታ አይታየኝም።

እንዲህ ከሆነ አደራ የሚያበቃበትም ጊዜ አለ፤ የተቀባዩ እጅ ሲታሰር ነው። ሳይመንሰን ከ1987 ጀምሮ ኒው ሚውታንትስን ጻፈች። በዚያ መጽሔት ዳግ ራምዚ የተባለ ወጣት ነበር፤ ኃይሉ ማናቸውንም ቋንቋ መረዳት ብቻ ነው። ጡጫ በሚነግሥበት ተረት የቋንቋ ሰው ብዙ ወዳጅ አያገኝም፤ በ1988 ጓደኛውን ከጥይት ሲከልል ሞተ። (ገጣሚ ነኝና ይህን ሞት በቀላሉ ይቅር አልልም።) እያደር ግን ታሪኩና ንግግሩ ራሱ በአዘጋጁ እየተለወጠ መታተም መጀመሩን ራሷ ተናግራለች። የአዘጋጅን ወንበር ከውስጥ የምታውቅ ሴት ናት፤ ቦታ ማስተካከልና ቦታ መንጠቅ የሚለያዩበትን ለመገንዘብ ከእርሷ የተሻለ ማን ነበር? በ1991 ለቀቀች። በዚያው ዓመት መጽሔቱ ስሙን ወደ ኤክስ ፎርስ ለውጦ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ሸጠ። ገበያው ፈረደ ማለት ነው? ገበያው ሸጠ እንጂ አልፈረደም።

እርሷ ወደ ዲሲ ኩባንያ ሄዳ ሱፐርማንን ከሚጽፉት አንዷ ሆነች፤ ያ በ130 ዶላር የተሸጠውን። በ1992 መጨረሻ ጀግናው በጋራ በጻፉት ታሪክ ሞተ። በ1993 ከጆን ቦግዳኖቭ ጋር ጆን ሄንሪ አይረንስን ፈጠረች፤ ስሙን ያገኘው ድንጋይ በመዶሻ ሲሰረስር ከማሽን ጋር ከተፎካከረው የጥቁር አሜሪካውያን አፈ ታሪክ ጀግና ነው። አይረንስ የጦር መሣሪያ ነዳፊ መሐንዲስ ነበር። ሥራውን ትቶ ቢሸሽም የነደፈው መሣሪያ ከወጣት ወሮበሎች እጅ ገብቶ ያገኘዋል። መብቱ በእጁ የለም፤ ፋብሪካውም የእርሱ አይደለም። ቢሆንም «የእኔ አይደለም» አላለም፤ የብረት ልብሱን ለብሶ መሣሪያውን እየተከታተለ መሰብሰብ ያዘ።

ፓወር ፓክን ሌሎች ጸሐፊዎች ተረክበውት ነበር። በመጨረሻዎቹ እትሞች ከሕፃናቱ ታላቁ አሌክስ ሰብአዊ መልኩን አጥቶ ወደ ፈረስ መሰሉ ፍጡር ተለወጠ፤ መጽሔቱም በ1991 ቆመ። በ1992 በወጣ አንድ ልዩ እትም ሳይመንሰን ከቀድሞ ባልደረቦቿ ጋር ተመልሳ ልጁን ወደ ልጅነቱ፣ ቤተሰቡንም ወደ ነበረበት መለሰች። ያን ጊዜ የሚጻፍ ተከታታይ እትም አልነበረም።