መከራ ብቻውን ያስተምራልን?

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገራችን ሰው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ምሳሌ የስደተኛን ያህል የሚደጋግመው የለም። ሁላችንም መከራን ስለ ቀመስን ሁላችንም የተማርን ይመስለናል። ነገር ግን አባባሉን ጠጋ ብለን እንመርምረው። መከራ በእርግጥ መካሪ ነውን? መከራ ይመታል እንጂ አይናገርም፤ የተመታው ሰው ለምን እንደ ተመታ አያስረዳውም። ስለዚህም አንዱ ከመከራው ትሕትናን ሲያተርፍ፣ ሌላው ቂምና እልህን ብቻ ይዞ ይወጣል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል ድንበር ተሻግሮ ዋልዳ የሰፈረውን ሕዝብ እናስብ። ደገኛ ለዚያ ደረቅ ምድር እንግዳ ነው። ማዕረጉም ሆነ ትምህርቱ ውሃ አያመጣለትም። የአገሩን ጠባይ የሚያውቀው ቦረናው ነው። ቦረናዎች ከጥልቁ የቱላ ጉድጓድ ውሃ የሚያወጡት ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ በዜማ እየተመሩ፣ መቅጃውን እጅ በእጅ በመቀባበል ነው። ለዚያ ሥራ የሚገባ ሰው፣ የፈለገውን ያህል ጉልበት ቢኖረው፣ አስቀድሞ የሌሎችን ምት መስማት ይኖርበታል።

የዕለት ስህተትም እንዲሁ ነው። ጤፍ የለመደች እናት በዕርዳታ ዱቄት ያቦካችው ሊጥ ቢበላሽባት ጉዳቱ የአንድ ቀን ራት ነው። ቀድማ የመጣችው ጎረቤቷ በልጅነት ዕድሜ ላይ ብትሆንም «እትዬ፣ እንዲህ ቢያደርጉትስ?» ስትላት ከሰማች ነገ ቤተሰቡ ይበላል። ትንሽ ስህተት ርካሽ ትምህርት ቤት ነው። በትንሹ መታረም ያልለመደ፣ በትልቁ ጉዳይ «ተሳስቻለሁ» የሚል አንደበት ከየት ያመጣል?

ታዲያ መታረም ለምን ከበደን? ትዕቢት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም አለበት። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የማጋለጥ ስብሰባ ይካሄድ ነበር። በዚያ መድረክ ጥፋትን መናገር በራስ ላይ ማስረጃ ማቅረብ ነበር፤ የተናዘዘ ሁሉ አልዳነም። ስህተቱን ማመን ሕይወት እንደሚያስከፍል ያየ ትውልድ፣ ወጥ ጨው በዛበት ቢሉት እንኳ እንደ ክስ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ነገር ግን ቁስሉን ቢያስረዳለትም፣ ከመታረም ነፃ አያወጣውም።

በአገራችን ከዚያ የተለየ ልማድም አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው ጉባኤ ቃናውን ብቻውን ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና በመምህሩ ፊት ይናገራል። ቤቱ ቢሰበርበት፣ ምሥጢሩ ቢጠፋበት ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ ይዞ ይመጣል። የሚስተካከለው ቅኔው ነው፤ ተማሪው ከጉባኤው አይባረርም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም የልጅ ልጅ ያዩ አረጋውያን በወጣት መምህር ፊት ተቀምጠው «ሀ ሁ» ብለዋል። ሽበታቸው አልተዋረደም፤ ይልቁንም ከበረ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውም ምሳሌ፣ እነርሱን በመሰሉ ሰዎች አንጻር ስንመለከተው፣ ከጠመጠሙም በኋላ መማር ይቻላል የሚል ቅጥያ ያስፈልገዋል።

ይህ ማለት ግን የነቀፈንን ሁሉ እንከተል ማለት አይደለም። ሚዛኑ ይህ ነው፦ አራሚው የሚፈልገው ሥራው እንዲቃና ነው ወይስ ሰውየው እንዲወድቅ? የመጀመሪያውን ጠላታችን እንኳ ቢናገረው እንስማው። ሁለተኛውን ወዳጃችንም ቢናገረው እንጠንቀቀው። እኛም ሌላውን ስናርም በዚሁ ሚዛን እንመዘን። በአደባባይ ያሳፈርነው ሰው ነገ ስህተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ ስህተት ደግሞ እንደ ተዳፈነ እሳት ነው፣ ጎጆውን ሁሉ ይበላል።

ስደተኛ ቤቱን፣ መሬቱን፣ ሹመቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ጆሮውን ግን ማንም አልወሰደበትም። መከራ በሩን ከፍቶ ሄዷል፤ የሚያስተምረን ከዚያ በኋላ በበሩ የሚገባው ሰው ነው። ያ ሰው ልጅ ቢሆን፣ ባዕድ ቢሆን፣ ትናንት የናቅነው ቢሆን፣ «እስቲ ንገረኝ» ለማለት ተዘጋጅተናልን?