ላብና ጥማት

ሥጋችን በሥራ ጊዜ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በበጋ ወደ ቦረና ቆላ ወርዶ በዱብሉቅ ያሉትን ጥልቅ የኤላ ጕድጓዶች ይመልከት። ጐልማሶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ አሳልፈው ለከብቶቻቸው ውኃ ያወጣሉ። በዚያን ጊዜ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ እስትንፋስ ይበዛል፤ ደምም ከሆድ ዕቃ ቀንሶ ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ይጎርፋል። ጡንቻ ከሚያወጣው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ነውና፣ ላብ ባያቀዘቅዘው ሰውነት በታመመ ነበር። በሐሩር በርትቶ የሚሠራ ሰው በአንድ ሰዓት ከ1 ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል። ከደጋ የወረደ ሰው ሥራውን 2 ሳምንት ያህል ሲለምድ ላቡ ፈጥኖ ይመጣል፤ የላቡም ጨው ይቀንሳል። ነገር ግን ልማድ ላብን ያበዛል እንጂ ጥማትን አያጠፋም፤ ብርቱው ሰው ከደካማው ይልቅ ብዙ ውኃ ይሻል። ይህን ብዙዎች ገልብጠው ያስባሉ።

እንግዲህ ይህ ጥማት ልንገዛው የሚገባን የሥጋ ፍትወት ነውን? ጾመኛ ሲጠማ፣ በስግደትም ጕልበቱ ሲዝል፣ መሥዋዕቱ ፈቃዱ ነው። ሌላውን አሠርቶ ውኃ የሚከለክል ግን ማንንም አላስጾመም፤ በደለ እንጂ። ጌታችን ከመንገድ ደክሞ በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ ውኃ ለመነ፤ መጠማቱን እንደ ነውር አልሸሸገውም።

ይህ ልዩነት ሲዘነጋ የሚሆነውን ነገሌ ቦረና አይታለች። በ1966 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በዚያ የሰፈሩት የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች የውኃ መሳቢያቸው ተበላሸ፤ መኰንኖቹም ከራሳቸው ጕድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ወታደሮቹ ዐመፁ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። የዚያን ዓመት አብዮት ከሚጽፉት ብዙዎቹ ታሪኩን ከዚህ ይጀምራሉ። አለቃን መያዛቸውን አላመሰግንም፤ ነገር ግን የጠየቁት ምቾት አልነበረም። በአንድ ፀሐይ ሥር የመኰንን ላብና የወታደር ላብ አይለያይም።

ዛሬም በቆላ ከተሞች ድንጋይ ተሸካሚ የሆነ የቀን ሠራተኛ በዐቢይ ጾም ወደ ነፍስ አባቱ መጥቶ፣ «አባቴ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ ልሥራን?» ይላል። ካህኑ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በጥላ ተቀምጦ ነው። መልስ ከመስጠቱ በፊት ሰውዬው ስንት ሰዓት በፀሐይ እንደሚቆም፣ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ አሠሪውስ ውኃ ያቀርብለት እንደ ሆነ ይጠይቀው።