«ተዉት፣ አዲስ እንሞላለን» ለምትሉ

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ እንግሊዝኛ ለምታነቡት። በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በየሐበሻው ቤት ደብዳቤ የሚያነብ አንድ ሰው አለ። ልጅ ነው፣ የእኅት ልጅ ነው፣ ወይም ከቅዳሴ በኋላ «እስቲ ይቺን እያት» የሚባል ጎረቤት ነው። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ከሕመም የተነሣ መሥራት ላልቻለ ሰው የሚሰጠውን የዲሳቢሊቲ ክፍያ ጥያቄ ውድቅ ሲያደርግ የሚልከው ደብዳቤ መጨረሻው እሱ እጅ ላይ ነው። እሱም የመኪና ቁልፉን እንደያዘ፣ ሳይቀመጥ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ያያል። «አልፈቀዱም» ይላል። ከዚያ ያቺን ቃል ይጨምራል፦ «ግድ የለም፣ ተዉት፤ ቆየት ብለን አዲስ እንሞላለን።»

ያቺን ቃል እኔም ብያታለሁ። ስለዚህ የምገሥጻችሁ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የእኔ ጥፋት ግን የእናንተን አያቀለውም።

ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስማቸው ይቅር። ዓመታት ታክሲ ነዱ፣ በኋላ ፓርኪንግ ሠሩ። በፈረንጆቹ 2018 ወገባቸው አልታዘዝ አላቸውና ሥራ አቆሙ። የሰው እጅ ላለማየት ሦስት ዓመት ታገሡ፤ በኦክቶበር 2021 አመለከቱ። በማርች 2022 የእምቢታው ደብዳቤ መጣ። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ወረቀቱን ገልጬ ወደ ታች ብወርድ ኖሮ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን እንዳላቸው የሚናገረውን አንቀጽ አገኘው ነበር። አልወረድኩም። «ተዉት ጋሼ» አልኳቸው። አመሰገኑኝ፣ መርቀውም ሸኙኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል። አዲሱን ማመልከቻ የሞላነው በጃንዋሪ 2024 ነበር።

ሒሳቡን ስሙ። ሰው ሠርቶ ከከፈለው የሚያገኘው የዲሳቢሊቲ ክፍያ ወደ ኋላ የሚደርሰው፣ ማመልከቻው ከገባበት ወር በፊት ቢበዛ 12 ወር ነው። የ2021ዱ ማመልከቻ በይግባኝ በሕይወት ቢቆይ ኖሮ የጋሼ ክፍያ ከኦክቶበር 2020 ሊቈጠር ይችል ነበር። የ2024ቱ ግን ከጃንዋሪ 2023 አልፎ ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። በመካከሉ 27 ወር አለ። በወር 1,400 ዶላር ቢታሰብ 37,800 ዶላር ነው። የሕክምና ኢንሹራንሱ ሜዲኬርም የሚመጣው ክፍያው ከሚገባበት ጊዜ 24 ወር ተቈጥሮ ስለሆነ እሱም ያንኑ ያህል ይዘገያል። ይህን ከሰውዬው ላይ የወሰደው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ሰው መኪና ውስጥ ይጠብቀኝ ስለነበር ገጹን ያልገለጥኩት እኔ ነኝ።

ከገንዘቡ የባሰም ነበር። ይህ ክፍያ ኢንሹራንስ ነው፤ ኢንሹራንስ ደግሞ ያልቃል። ዕድሜው ከ31 ያለፈ ሰው፣ ከሌላው መስፈርት በተጨማሪ፣ ሥራ መሥራት ካቃተው ጊዜ በፊት ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ የ5 ዓመት ሥራ ተመዝግቦለት መገኘት አለበት። ስለዚህ ሠርቶ ያቆመ ሰው አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከጥላው ይወጣል። የጋሼ ጊዜ ያበቃው በዲሴምበር 2023 መጨረሻ ነው። እኛ በጃንዋሪ ስንሄድ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ አልቻልኩም የሚሉት ከመዘጋቱ በፊት እንደነበር በቆየ የሐኪም ወረቀት ማስረዳት ግዴታ ሆነባቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ቀኑን ይዟል፤ ቀኑን ያላነበበው አንባቢው ነው።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። «አዲስ እንሞላለን» ስትሉ ምን እንደምትሉ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያውን ማመልከቻ በገዛ እጃችሁ ትቀብሩታላችሁ። ይግባኝ ያልተባለበት ውሳኔ ይጸናል። ያው ሰው፣ በዚያው ሕመም፣ ለዚያው ዘመን እንደገና ቢያመለክት «ይህ ተወስኗል» ሊባል ይችላል። የቆየ ውሳኔ የሚከፈትበት ጠባብ መንገድ በሕጉ አለ፤ መክፈቱ ግን በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ነው፣ የእናንተ መብት አይደለም። ይግባኙ ግን መብት ነው። ፎርሙን በ60 ቀን ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ደብዳቤው በፖስታ ለመምጣት 5 ቀን እንደፈጀ ይታሰባል። የመጀመሪያው ደረጃ ሌላ ሰው ፋይሉን እንደገና የሚያይበት ነው፤ እዚያም ብዙው ይወድቃል። ቀጥሎ ዳኛ ፊት ይቀረባል፤ ከዚያ የይግባኝ ጉባኤው አለ፤ ከዚያ የፌዴራል ፍርድ ቤት። ከመጀመሪያዎቹ ማመልከቻዎች አብዛኞቹ ውድቅ ይደረጋሉ። ዳኛ ፊት ከሚደርሱት ግን ግማሽ ገደማው ይፈረድላቸዋል። እናንተ «ተዉት» የምትሉት ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሳይደርስ የሚመለስ ሰው ነው። በየሁለት ዓመቱ አዲስ እየሞላ፣ በየሁለት ዓመቱ ደጃፉ ላይ እየተመለሰ፣ የሚሰማው ዳኛ አንድ ቀን እንኳ ሳያገኝ የሚያረጅ ሰው አለ።

ይህ ደግሞ ከእኛ ሲመጣ ያሳፍራል። እኛ ይግባኝ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። አያቶቻችን የአውራጃው ዳኛ የፈረደባቸውን የቁራሽ መሬት ጉዳይ ይዘው፣ ስንቅ ቋጥረው፣ ስንት ቀን በእግር ተጉዘው ዙፋን ችሎት ድረስ ሄደው «አቤት!» ብለዋል። አቤቱታ የምንለው ቃል ራሱ የዚያ ጩኸት ልጅ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ «በሕግ አምላክ» ብሎ ባላንጣውን ያቆም ነበር። የእሱ የልጅ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ በአንድ ምሽት የሚሞላውን ይግባኝ «ራስ ምታት ነው» ብሎ ይተወዋል። ራስ ምታቱ የማን ነው? የታመመው ማን ነው?

እናንተ የደብዳቤው ባለቤቶች ደግሞ፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ በአክብሮት ግን ሳላለዝብ እናገራለሁ። «እንዳልለምን ተዉኝ» ትላላችሁ። ልመና አይደለም። ከየደመወዛችሁ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ተቈርጧል፤ አሠሪያችሁም ያንኑ ያህል ጨምሯል። ታክሲ የነዳችሁት 12.4ቱንም ራሳችሁ ከፍላችኋል። (ያላስመዘገባችሁት ካሽና ጉርሻ ግን አይቈጠርላችሁም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ተግሣጽ የሚገባው ነገር ነው።) የከፈሉትን መጠየቅ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሌላም አለ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «እንዴት ነዎት?» ስትባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላላችሁ። ሌሊቱን ስታቃስቱ አድራችሁ፣ ደረጃውን ተደግፋችሁ ወጥታችሁ፣ «ደህና ነኝ»። አስተርጓሚው እንዳለ ይተረጉመዋል፤ ሐኪሙ እንዳለ ይጽፈዋል፤ ከዓመት በኋላ ፋይሉን የሚያየው ባለሥልጣን «ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል» የሚለውን ያነባል። ምስጋናው ለእግዚአብሔር ነው፤ ለሐኪሙ የሚነገረው እውነቱ ነው። ስንት ደቂቃ መቆም ትችላላችሁ? ስንት ኪሎ ታነሣላችሁ? እጃችሁ ብርጭቆ ይይዛል? ሕጉ የሚጠይቀው የበሽታውን ስም ብቻ አይደለም፤ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚታሰብ፣ ወይም ለሞት የሚያደርስ፣ ከሥራ የሚያግድ ሕመም መሆኑን ነው። የይግባኙ ጊዜ ይህን ማስረጃ ለመሙላት የተሰጠ ጊዜ ነው። አዲስ ማመልከቻ በዚያው ባዶ ፋይል ላይ ብትሞሉ ያው ባዶ ፋይል ያው መልስ ያመጣል። እናንተም አንባቢዎች፣ ደብዳቤው ለምን እንደከለከለ የጻፈበትን ክፍል ዝለሉትና እዩ፤ የጎደለውን ሳታውቁ ትሞላላችሁ።

አዲስ ማመልከቻ ስሕተት ነው አላልኩም። ቦታ አለው። ቀኑ ካለፈና በቂ ምክንያት ከሌለ፣ ኢንሹራንሱ ገና ካላለቀ፣ አዲስ መሙላት ነው የቀረው። ሰውዬው ወደ ሥራ ተመልሶ ቆይቶ፣ በሌላ አዲስ ሕመም ከወደቀም እንደዚሁ። ችግረኞችን የሚረዳው ኤስ ኤስ አይ የከለከለው በባንክ ከ2,000 ዶላር በላይ ስላለ ከሆነና ይህም እውነት ከሆነ፣ በይግባኝ የሚገኝ ነገር የለም፤ ገንዘቡ በሚገባው መንገድ ወጥቶ ሲያልቅ ነው የሚመለከተው። (ገንዘቡን በወንድም ስም ማዞር ግን እስከ 36 ወር ሊያስከለክል ይችላል፤ ይህንን የሚመክር ሰው ጠላት ነው።) ዳኛ ፊት ደርሶ የተሸነፈም ሰው የሚቀጥለውን እርምጃ በጥንቃቄ መመዘን አለበት፤ የይግባኝ ጉባኤው የሚያየው በዳኛው ውሳኔ ቀንና ከዚያ በፊት የነበረውን ሁኔታ ነውና። «ሁለቱንም በአንድ ላይ እናስኪድ» የምትሉም ተጠንቀቁ፤ ከ2011 ጀምሮ ይግባኙ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እያለ ለዚያው ክፍያ ሁለተኛ ማመልከቻ በጥቅሉ አይፈቀድም። የምገሥጸው አዲስ መሙላቱን አይደለም። ሳያነቡ፣ ሳያሰሉ፣ ድካምን ብቻ ፈርቶ መምረጡን ነው።

ቀኑ ያለፈበትም ቢሆን «አለቀ» አትበሉት። የዘገየበትን ምክንያት ጽፎ ጊዜው እንዲራዘም መጠየቅ ይቻላል። ሆስፒታል መተኛት፣ የቤተሰብ ሞት፣ ደብዳቤው አለመድረሱ ይታያሉ፤ እንግሊዝኛ በደንብ አለማወቅም በደንቡ ላይ ተጽፎ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። ይህን ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?

ያወቃችሁ የሚመስላችሁ ግን ሌላ ነው። ዛሬም ቡና ላይ «እንግሊዝኛ አልችልም በሉ፣ ይሰጧችኋል» ይባላል። ያ ደንብ ከኤፕሪል 27 ቀን 2020 ጀምሮ የለም፤ እንግሊዝኛ አለመቻል ሥራ የመሥራት አቅም ሲመዘን እንደ ትምህርት ደረጃ መቈጠሩ ቀርቷል። ስንት ሰው በዚህ የሞተ ምክር ተማምኖ የወገቡን ፎቶ ሳያቀርብ ቀረ! ገንዘብ እጅ በእጅ እየተቀበላችሁ «እኔ እጨርስልሃለሁ» የምትሉም አላችሁ፤ የሰውን ጉዳይ በውክልና ይዞ ያለ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ክፍያ መውሰድ ሕግ የከለከለው ነው። ትክክለኛ ጠበቃ በተለመደው ውል የሚከፈለው ሲያሸንፍ ብቻ፣ ከተጠራቀመው ክፍያ 25 በመቶ ነው፤ ያም ጣሪያ አለው፤ በ2024 መጨረሻ 9,200 ዶላር ተደርጎ ነበር። ችግረኛን በነጻ የሚያግዙ የሕግ አገልግሎቶችም አሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፤ አማርኛ ብሎ መጠየቅ ነው። ማንም ሰው የእናንተን የቡና ላይ ግምት የሚፈልግበት ምክንያት የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ክፍያውን ሲቀበል ቆይቶ «ተሽሎሃል፣ እናቆማለን» የሚል ደብዳቤ የመጣለት ሰው፣ ይግባኙ እስኪታይ ክፍያው እንዳይቋረጥ ከፈለገ ያለው 60 ቀን አይደለም፤ ደብዳቤው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ይግባኙንና ይህንኑ ጥያቄ ማቅረብ አለበት። በመጨረሻ ቢሸነፍ ያን የተከፈለውን መልስ ሊባል እንደሚችልም አብሮ ይወቀው። አሥር ቀን ማለት «ቅዳሜ ስመጣ አየዋለሁ» የምትሏቸው ቢበዛ ሁለት ቅዳሜዎች ናቸው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ለእናታችሁ ደውሉ። የመጣ ደብዳቤ ካለ ቴሌቪዥኑ ላይ ወይም መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ተቀምጧል። ሂዱና ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ሁሉንም ገጽ። ላዩ ላይ ያለውን ቀን ጻፉ፣ ቁጠሩ፣ ይግባኙን አስገቡ፤ ማስረጃው በኋላ ሊከተል ይችላል።

ለጋሼ በ2025 ዳኛዋ ፈረዱላቸው። የቀድሞውን ውሳኔ ግን አልከፈቱትም። ክፍያቸው ከጃንዋሪ 2023 ተቈጠረ። 27ቱ ወር አልተመለሰም።