ከዕዳና ከእገዳ ነፃ፤ ከመርዝስ?

መጋዘን ወይም የንግድ ቤት የሚገዛ ሰው በአገራችን ምን ምን እንደሚያጣራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ቤቱ ለባንክ በዋስትና ተይዞ እንደሆነ፣ ወራሾች ሁሉ ተስማምተው እንደሆነ ይጠይቃል። «ከዕዳና ከእገዳ ነፃ» የሚለው ወረቀት ሲመጣለት ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ ግድግዳውን ያንኳኳል፣ በዋጋው ይከራከራል፤ ይዋዋላል። ወለሉን ግን የሚጠይቅ የለም። ከወለሉ በታች ያለውን አፈርማ ማን አስቦት!

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አፈር ነው። ሻጭ በቦታው ውስጥ የተሰወረ መርዝ መኖሩን እያወቀ ዝም ቢል ዋሸ ይባላልን? ገዥስ ሳይጠይቅ ገዝቶ ሲያበቃ «አላውቅም ነበር» ማለቱ ነፃ ያወጣዋልን? ከሻጭና ከገዥ ውጭ ሆኖ ጉዳዩን ያወቀ ሦስተኛ ሰውስ መናገር አለበት ወይስ «ምን አገባኝ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል? ጥያቄዎቹን ከአየር ላይ አላመጣኋቸውም፤ መተማ ላይ ናቸው።

መተማ ጥንታዊ የገበያ ቦታ ነው። ከጎንደር የሚወርዱ ጀበርቲ ነጋዴዎች ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር የሚገናኙበት በር ነበር። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት ነው እንጂ፣ ለአካባቢው ሰው መተማ ምንጊዜም ገበያ ነው። ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚኖረው በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ነው። ሰሊጡ ታጭዶ በክምር ቆሞ ሲደርቅ ፍሬውን የሚመጥ ትኋን መሰል ተባይ ይወርደዋል። ገበሬውም በክምሩ ሥርና ዙሪያ ዱቄት መርዝ ይነሰንሳል። ጥጡም የባሰ እንጂ ያነሰ ርጭት አይጠይቅም። በዚህ ላይ አገሩ የወባ አገር ነው፤ ለዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ዲዲቲ ሲረጭ ኖሯል። ይህ ሁሉ ኬሚካል ከመነስነሱና ከመረጨቱ በፊት አንድ ቦታ ያድራል። የሚያድረውም በመጋዘን ነው።

ቋንቋችንም ያዘናጋል። መርዙን «መድኃኒት» ነው የምንለው፤ የተባይ መድኃኒት። «መድኃኒት» ከተባለ ነገር አጠገብ መተኛት ማንን ያስፈራል? ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ሳሉግ የመርዙን ባዶ ጀሪካን አጥቦ ውሃ ይቀዳበታል።

ስለ መርዝ ካነሣን አንድ ስሕተት መታረም አለበት። ሰው መጋዘኑን ያሸታል፤ ካልሸተተው «ንጹሕ ነው» ይላል። ማላታዮን የሚባለው መርዝ ይሸታል፤ ነገር ግን አፈር ውስጥ በቀናትና በሳምንታት የሚፈርስ ነው። ዲዲቲ ደግሞ ሽታው ከቁጥር የማይገባ ሲሆን በአፈር ውስጥ ለዓመታት፣ አልፎም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። እንግዲህ አፍንጫ የሚመሰክረው ስለሚጠፋው ነው፤ ስለሚቀረው ዝም ይላል። የቆላው ጥቁር አፈር በበጋ እየተሰነጠቀ ክንድ የሚያስገባ ገደል ይሠራል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ላይ የተደፋው ሁሉ በዚያ ስንጥቅ ወደ ታች ይሄዳል። የጉድጓድ ውሃ ያለውም ታች ነው።

ይህን ተራ ፍርሃት አድርጎ የሚያየው ቢኖር፣ አገራችን ጊዜ ያለፈበት የተባይ መርዝ ተከማችቶባቸው ከነበሩት የአፍሪካ አገሮች አንዷ እንደነበረች ላስታውሰው። ከፊሉ ለአንበጣና ለተምች መከላከያ ተብሎ በእርዳታ የመጣ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እገዛ ከ1 ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ታሽጎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተላከና በእቶን ተቃጠለ። በርሜሉ ሄደ፤ በርሜሉ ያንጠባጠበበት አፈር ግን አልሄደም። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የተባይ መርዝ አገኘሁ ብላ ገበያውን አጠበበችው። ገበሬው ቡናውን በመርዝ አልረጨውም ነበርና ነገሩ ግራ አጋባ፤ በኋላ ጥርጣሬው ያረፈው በጆንያው ላይ ነው። መርዝ ከጆንያ ወደ ቡና ከተሻገረ ከወለል ወደ ጆንያ የማይሻገርበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ መተማ ልመለስ። የማውቀው አንድ ነጋዴ እዚያ አሮጌ መጋዘን ሊገዛ ተነሣ። ሐሳቡ ከፊት ወፍጮ ሊተክል፣ ከኋላ በኩል ለተመላላሽ ነጋዴ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ነበር። ሻጯ ባለቤቷ የሞተባት ሴት ስትሆን ስለ መጋዘኑ የቀድሞ ታሪክ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ደላላው ወረቀቱን ሁሉ አሟልቶ አምጥቷል። ነጋዴው ለቀብድ በሄደበት ዕለት በር ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የጫኝና አውራጅ ሠራተኛ አገኘና እንደዋዛ «አባባ፣ እዚህ ቤት ድሮ ምን ምን አውርደዋል?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም ሳይደብቁ ነገሩት። የተባይ መድኃኒት በበርሜል ይራገፍበት ነበር፤ የፈሰሰው በአፈር ይሸፈን ነበር፤ የዛጉት በርሜሎች የተቀበሩት ከጓሮ፣ አሁን የውሃ ጉድጓዱ ካለበት ከፍ ብሎ ነው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?» ቢላቸው፣ የመለሱለት «ማን ጠየቀኝ ልጄ?» ብለው ነው።

ነጋዴው አልገዛም። ገንዘቡን ይዞ ተመለሰ። ለደላላው «ዋጋው አልተስማማኝም» አለው። ለሴትዮዋም ምንም አልነገራትም። ከወር በኋላ መጋዘኑ ለሌላ ሰው ሊሸጥ መሆኑን ሲሰማም ዝም አለ። ይህን ያጫወተኝ ራሱ ነው፤ ያጫወተኝም ብልህነቱን እንዳደንቅለት ነበር። «እኔ አልዋሸሁም፣ አላታለልሁም፣ አልገዛሁም፤ ብናገር ደግሞ የአንዲት የቲም አሳዳጊ ገበያ አበላሻለሁ» አለኝ።

የመጨረሻው ቃሉ ቀላል አይደለም። የልጆቿ ዳቦ በዚያ ሽያጭ ላይ ነው። ሆኖም አልተቀበልሁትም፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

በመዲና ገበያ የሆነውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው እርጥበት ቢያገኙ፣ ሻጩ ዝናብ ነክቶት መሆኑን ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ሰውዬው በአንደበቱ አልዋሸም፤ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ብቻ ማታለል ሆኖ ተቆጠረበት። ስለዚህ የሻጭ ዝምታ ጉዳይ ያለቀ ነገር ነው። የነጋዴው ወዳጄ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ሻጭ አይደለም። ለእርሱ የሚስማማው ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ የሚያነሡት የሰሓባው የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ ታሪክ ነው። ዋሲላ ባሉበት አንድ ሰው ግመል በ300 ድርሃም ሸጠ። ልባቸው ሌላ ጋ ነበርና ገዥው ግመሉን ይዞ ከሄደ በኋላ ባነኑ። ሮጠው ደርሰው፣ ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ የገዛኸው ብለው ጠየቁት። ለጉዞ ነው ሲላቸው፣ እግሩ የተበሳ መሆኑን፣ መንገድ እንደማይችል ነገሩት። ሰውዬው ተመለሰ፤ ሻጩም 100 ድርሃም ቀነሰለትና ሽያጬን አበላሸህብኝ ብሎ ዋሲላን ወቀሳቸው። እሳቸው ግን ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል መግባታቸውን ነገሩት።

ዋሲላ መጀመሪያ የጠየቁት «ለምን ፈለግኸው?» ብለው መሆኑን ልብ እንበል። ለሥጋ ከሆነ የተበሳ እግር ነውር አይደለም። ሽያጩም አልፈረሰም፤ ዋጋው ወደ እውነቱ ወረደ እንጂ። የመተማው መጋዘንም እንዲሁ ነው። ለወፍጮ፣ ለምግብ እህልና ለመኝታ አይሆንም፤ ወለሉ በደንብ በኮንክሪት ተደፍኖ ለብረታ ብረት ወይም ለሲሚንቶ ማስቀመጫ ግን ሊሆን ይችላል። እውነቱ ቢነገር ሴትዮዋ ከዋጋው ትቀንስ ነበር፤ ሁሉን አታጣም። ወዳጄ ምርጫውን በእርሷ ዳቦና በሌላው ሰው ጤና መካከል አደረገው። ምርጫው በ300 እና በ200 መካከል ነበር።

«ታዲያ በውሉ ላይ ገዥው እንዳለ ተቀብሏል ብሎ መጻፍስ አይበቃም?» የሚል ይኖራል። በሐነፊ መዝሀብ ሻጭ ከማንኛውም ዓይብ ኃላፊ አይደለሁም ብሎ ቢሸጥና ገዥው ቢቀበል ይጸናል። በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ እንዲህ ያለው ቃል ነፃ የሚያወጣው ሻጩ ራሱ ባላወቀው፣ ያውም በእንስሳ የውስጥ ሕመም ብቻ ነው። ልዩነቱን ለዑለሞቻችን እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ በውሉ ላይ ያልፈረመው ሰው ነው።

ለዚህ የአሜሪካኖቹ ታሪክ ግሩም ትምህርት ይሰጣል። በኒውዮርክ ግዛት፣ ናያጋራ ፎልስ በምትባል ከተማ፣ አንድ የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ወደ 20 ሺህ ቶን የሚጠጋ ቆሻሻ ላቭ ካናል በተባለ አሮጌ ቦይ ውስጥ ቀበረ። በ1953 ቦታውን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው። ኩባንያው አልደበቀም። ኬሚካል መቀበሩን፣ ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊነቱ የገዥው መሆኑን በውሉ አሰፈረ። ሻጭ ተናገረ፣ ገዥ ፈረመ፤ ዓይቡ ተገለጠ። በቦታው ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ዙሪያውም በቤት ተሞላ። በ1978 ኬሚካሉ ወደ ምድር ቤቶችና ወደ ጓሮዎች መውጣቱ ሲታወቅ የአስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ቤተሰቦች ተነሡ። ሕፃናቱ ውሉን አላነበቡም። ከዚህ በኋላ ነው በ1980 ዓይነተኛው ሕግ የወጣው። በዚያ ሕግ የተመረዘ ቦታ የያዘ ሰው መርዙን ራሱ ባይደፋውም ኃላፊ ነው፤ «አላውቅም ነበር» የሚለው መከላከያ የሚሰማው ከመግዛቱ በፊት በአግባቡ ለጠየቀ ሰው ብቻ ነው። የአጠያየቁ ወጥ መመሪያም በ1993 ወጣ። የመጀመሪያው ደረጃ መቆፈር እንኳ የለበትም። የድሮ መዛግብት ማገላበጥ፣ ቦታውን ዞሮ ማየት፣ የቀድሞ ባለቤቶችንና የሚያውቁ ሰዎችን ማነጋገር ነው። አፈር ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው ከዚህ ጥርጣሬ ከተገኘ ነው። ወዳጄ በሽማግሌው ፊት ያደረገውም ይኸው ነው፤ ወጪው አንድ ጥያቄ።

በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚሸጠው ቤቱና የይዞታ መብቱ ነው። ይህን ይዞ «አፈሩ የእኔ አይደለም፣ ስለ አፈሩ ልጠየቅ አይገባም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ይሁን እንጂ ዋጋ የተጠየቀው ለዛገ ቆርቆሮ አይደለም፤ ገበያው ያለው በቦታው ነው። በቦታው ተጠቅሞ ቦታውን መካድ አይሆንም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚጠይቀው የሚሠራው ፕሮጀክት ነገ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ ትናንት የተቀበረውን ፈልጉ የሚል ዓላማ የለውም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ያጽዳ ይላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በርሜሉን ያስቀበረው ሰው ሞቷል፤ ያከማቸው ድርጅት ፈርሷል። በሁለቱ አዋጆች መካከል የወደቀው ይህ አሮጌ መጋዘን ነው።

መጋዘን ደግሞ መጋዘን ሆኖ ላይቀር ይችላል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። እንዲህ ባለ ቀን ጣሪያ ያለው ሁሉ ማደሪያ ነው፤ ወለሉ ላይ ምን እንደነበረ የሚጠይቅ ስደተኛ የለም።

ሕግ እስኪወጣ ግን ነጋዴው፣ ደላላውና ውል ጸሐፊው እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡበት ምክንያት አይታየኝም። በሽያጭ ውሉ ላይ «በቤቱ ውስጥ ከዚህ በፊት ምን ይቀመጥበት ነበር?» የሚል አንድ መስመር ቢጨመርና ሻጩ ቢፈርምበት፣ ውሉ ሁለት ብር አይጨምርም። ጥርጣሬ ካለ አፈሩ አዲስ አበባ ተልኮ ይመርመር፤ ወጪውን ሁለቱ ይካፈሉት፤ ውጤቱም ሽያጩ ፈረሰም ጸና ለቀበሌው ይድረስ። ወዳጄንም የመከርሁት ይህንኑ ነው። «ለማን ልንገር?» ሲለኝ፣ አስቀድሞ ለሴትዮዋ፣ ቀጥሎ ለአዲሱ ገዥ፣ ከዚያ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አልሁት። ናሙናውም ከመጋዘኑ ወለል ሳይሆን ከጓሮው ጉድጓድ ቢጀመር እመርጣለሁ። ከጉድጓዱ የሚቀዳው ሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ውሃውን ለማስመርመር ደግሞ የቤቱ ዋጋ እስኪቆረጥ መጠበቅ አያስፈልግም።