ችግኝ ጸደቀ ስለ መባሉ

የአገራችን ሰው ችግኝ ተክሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ «ተከልሁ» ይላል እንጂ «ጸደቀልኝ» ብሎ አይናገርም። ይህን ሁለተኛውን ቃል የሚያወጣው ክረምቱ ካለፈ፥ መሬቱም ከደረቀ በኋላ፥ ችግኙ አዲስ ቅጠል ማውጣቱን አይቶ፥ በእጁም ሳብ አድርጎ ሥሩ መያዙን ሲያረጋግጥ ነው። ጸደቀ የምንለው ለሰውም ነው፤ ለሰው ሲነገር በፍርድ ፊት እውነተኛ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፤ ለተክል ሲነገር ሥር ሰደደ፥ ከሞት ወደ ሕይወት ተሻገረ ማለት ነው። ለሁለቱ ነገር አንድ ቃል መያዛችን የቋንቋ ድህነት ነው የሚል ቢኖር እኔ አልስማማም። በሁለቱም ዘንድ ፍርዱ የሚሰጠው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ፈተናው ካለፈ በኋላ ነውና።

እንግዲህ በከተማ ለምንኖርና በግቢያችን ጥቂት አትክልት ለምናበቅል ሰዎች ከዚህ ቃል የሚወጣ አንድ ጥያቄ አለ። ምስጋና የሚገባው የተከለው ነው ወይስ ያጸደቀው? ነገሩ ለጨዋታ ብቻ የተነሣ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ፥ ጎረቤት ጄሪካኑን ተሸክሞ ውሃ ሲፈልግ በሚውልበት ወር፥ አበባ ማጠጣት ይገባል ወይስ አይገባም ወደሚል ወደ ከበደ ነገር ያደርሳል።

የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፥ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በክረምት የሚተክል ሰው ድካሙ ጥቂት ነው፤ ጉድጓድ ይቈፍራል፥ ችግኙን ያቆማል፥ አፈሩን ይመልሳል፤ የቀረውን ዝናሙ ይሠራለታል። መሬቱ ዋልካ የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ውሃ እንዳይተኛበትና ሥሩ እንዳይበሰብስ ቦይ ማውጣት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በክረምት ሰው ሁሉ አትክልተኛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር፤ ወሬውም በውጭ አገር ሁሉ ተሰማ። ሥራው መልካም ነው፤ ወጥተው የተከሉትንም ማቃለል አይገባም። ነገር ግን የመትከያው ቀን ታውጆ ሲነገር ሰማን፤ የማጠጫው ቀን አዋጅ የለውም።

መጸው ሲገባ ግቢው ያምራል። አደይ አበባ ሜዳውን ያለብሰዋል፥ ጽጌ ረዳው ይፈካል፥ በቤተ ክርስቲያንም ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው በዚሁ ወራት ነው። እንግዳ መጥቶ የግቢውን ጌታ የሚያመሰግነው ያን ጊዜ ነው፤ ጠባቂው ግን ሥራውን የሚጀምረው እንግዳው በሚያደንቅበት ቀን ነው። አረሙ ዘር ሳያፈራ መነቀል አለበት፤ አለዚያ የአንድ መጸው ስንፍና የብዙ ዓመት ሥራ ይወልዳል። መሬቱ ርጥበቱን ሳይጨርስ መኰትኰት፥ በችግኙም ሥር ደረቅ ሣር መጐዝጐዝ ይገባል፤ ጉዝጓዙ ፀሓይ የምትመጠውን ውሃ ያስቀራል፥ ሲበሰብስም አፈር ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ስፍራ ለጋውን ችግኝ ማታ ሸፍኖ ጠዋት መግለጥ አለ። በዚህ ላይ ስለ ኅዳር 12 አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በዚያ ቀን ጥራጊ ሰብስቦ ማጨስ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው ከኅዳር በሽታ ጋር የመጣ ልማድ ነው ይባላል። ቆሻሻን ማስወገድ መልካም ነው፤ የረገፈውን ቅጠል ከቆሻሻ ቈጥሮ ማቃጠል ግን የአፈሩን ምግብ ማቃጠልና ጎረቤትን በጢስ ማስጨነቅ ነው። ቅጠሉ በአንድ ጥግ ተከምሮ ከፍግና ከወጥ ቤት ልጣጭ ጋር ቢበሰብስ ለመጪው ሰኔ ጥቁር አፈር ይወጣዋል።

ፍርዱ የሚቀርበው በበጋ ነው። በጥርና በየካቲት ሰማዩ ጠርቶ ይውላል፥ ነፋሱ መሬቱን ያደርቃል፤ ባለፈው ሐምሌ የተተከለው ችግኝ ሥሩ ገና አልጠለቀም። በዚህ ጊዜ «ሰው ተጠምቶ ሳለ አበባ ማጠጣት ጭካኔ ነው» የሚሉ አሉ። «ካላጠጣነውና ከደረቀ የተከልነው ለምንድን ነው?» ብለው የሚመልሱላቸውም አሉ። ሁለቱም የእውነትን አንድ ወገን ይዘዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ የካቲት ነው፤ ጥፋቱ የተሠራው በሰኔ ነው። ግቢውን በሙሉ ዘወትር ውሃ የሚሻ ሣር ያለበሰ ሰው፥ ዝናም ሳለ ከማንም ምንም ያልወሰደ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያን ዕለት የጎረቤቱን የበጋ ውሃ አስቀድሞ ቀጠረበት። በየካቲት ሣሩን ቢያጠጣ ጎረቤቱን ይበድላል፤ ቢተወው ገንዘቡንና ድካሙን ያጠፋል፤ ከሁለት ክፉ ነገር በቀር ምርጫ አልቀረለትም። ወይራ ወይም ጥድ የተከለ፥ ከደጁም ጤና አዳምና ጥቂት ጽጌ ረዳ ያኖረ ሰው ግን፥ በረኪና ያልገባበትን የልብስ እጣቢ ማታ ማታ በሥራቸው ቢያፈስላቸው ይበቃዋል። (በጥሬው በሚበላ ቅጠል ላይ እጣቢ ማፍሰስ አይገባም።) ወይራው ጥቂት በጋ ከተሻገረና ሥሩ ከጠለቀ በኋላ ባለቤቱን ውሃ አይለምንም። እንግዲህ የሚተክል ሰው በሰኔ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ይህ ተክል ምን ያህል ያምራል ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ በየካቲት ምን ይለምነኛል፥ የሚለምነኝስ ከማን ድርሻ ነው ብሎ ነው።

ሰውና ተክል በእውነት በአንድ ጣሳ ውሃ የተገናኙ እንደ ሆነ ክርክር የለም፤ ጽጌ ረዳው ይድረቅ። ነገር ግን ራሳችንን አንሸንግል። ከደረቁት ችግኞች መካከል ለጎረቤት ተብሎ የደረቀው ስንት ነው? እጣቢው በየደጁ ወደ ቦይ ሲፈስ እያየን ውሃ ጠፋ ማለት ለመርሳታችን መልካም ስም ማውጣት ነው።

እዚህ ላይ የጀመርሁትን ቃል የሚፈትን አንድ ዛፍ አለ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ዘመን ከተማው በእንጨት እጦት ተጨንቆ ነበር፤ መናገሻውንም ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ዛፉ ፈጥኖ የሚያድግ፥ ሲቈረጥም ከጕቶው የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ ከተማው በቦታው እንዲጸና ረዳ፤ ስለዚህ ውለታው ሊመሰገን ይገባል። በጠባብ ግቢ አጥር ሥር የተተከለ ባሕር ዛፍ ግን ሥሩ ድንበር አያውቅም፤ የጎረቤትን አፈር ያደርቃል፥ ጎመኑንም ያቀጭጫል። ባለቤቱ «በገዛ ግቢዬ ማን ከልካይ አለኝ?» ይላል። ኦሪት ስለ አዳም ስትናገር በገነት ውስጥ ሥራንና ጥበቃን አያይዛ ሰጠችው፤ ጥበቃው ከአውሬ ብቻ ይሁን አላለችም። አንዳንድ ጊዜ ተክልን ከበግና ከፍየል እንደምንጠብቅ ጎረቤትን ከተክላችን መጠበቅ ያስፈልጋል። እንደዚህ ያለው ዛፍ ያለ ማንም ድካም ጸደቀ፤ ተካዩ ግን በጎረቤቱ ዘንድ አልጸደቀም።

በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ዙሪያው የእርሻ መሬት ሆኖ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው ደን ብቻውን ለምለም ሆኖ ይታያል። ጥዱን፥ ወይራውን፥ ዝግባውን ያቈየው አንድ ታላቅ የተከላ ቀን አይደለም፤ በየዘመኑ መጥረቢያ ይዞ የመጣውን «ተው» ያለ ሰው ነው። የዚያ ሰው ስም በብራና አልተጻፈም።

በከተማውም ግቢ ነገሩ ከዚህ አይርቅም። እንግዳው የሚያመሰግነው የቤቱን ጌታ ነው፤ ያጸደቀው ግን ብዙ ጊዜ በወር ደመወዝ የተቀጠረው አትክልተኛ ወይም ዘበኛው ነው፤ ይልቁንም እጣቢውን ሳትደፋ ለጽጌ ረዳው ያቈየችው እመቤቲቱ ወይም ሠራተኛይቱ ናት። ጌታው ምስጋናውን ሲቀበል ዝም ቢል ሐሰት አልተናገረም፤ የሰው ድርሻ ግን ወሰደ። ስማቸውን ቢጠራ ምንም አይጐድልበትም ነበር።

የሚያሳስበኝ ደግሞ የተከራዩ ነገር ነው። ዛሬ በከተማ ብዙ ሰው በሰው ግቢ ይኖራል፤ በሚመጣው ዓመት የት እንደሚሆን አያውቅም። እንደዚህ ያለ ሰው ወይራ ቢተክል ሞኝ ነውን? ብልህ ነን የሚሉ ሲወጣ ይዞት የሚሄደውን ጤና አዳም በጣሳ እንዲተክል ይመክሩታል፤ ምክሩም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ባለቤቱ ከፈቀደለት ወይራውንም ቢተክል ደግ አደረገ እላለሁ፤ የራሱ የሆነ ግቢ ያለውም ሰው ቢሆን ጥዱ ሲገዝፍ ላያየው ይችላልና። በዚህ ጊዜ ተካዩና ጠባቂው ሁለት ሰዎች ይሆናሉ፤ አንዱም ያለ ሌላው አያጸድቅም። ስለዚህ ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ ቁልፉን ሲያስረክብ፥ ከአጥሩ ሥር ያለው ችግኝ በሳምንት ስንት ጣሳ ውሃ እንደሚጠጣ ለሚገባው ሰው ይንገረው።