የድንጋዩ አገር

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ስንወጣ በአንድ ወርቅ ሠሪ መስኮት ኦፓል አየንና አገሩን ጠየቅን። «ወሎ» ተባልን። ወሎ ግን ሰፊ ነው። ይህ ድንጋይ በ2000 ዓ.ም. የተገኘው በደላንታ፥ ከወገል ጤና አቅራቢያ በፀሐይ መውጫ ገደል፥ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል በተጋደመ ስስ ድርብ ውስጥ ነው። ብዙው ውሃ ሲጠጣ እንደ መስተዋት ይጠራል፤ ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ቀደም ብሎ በሸዋ፥ መዘዞ አካባቢ የተገኘው ግን ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው፤ በመሰንጠቅም ይታማል። እንግዲህ የቦታውን ስም ያስቀረ ሻጭ የድንጋዩንም ጠባይ ሰውሯል ማለት ነው።

ነገር ግን ቦታውን ለይቶ መጻፍ ዘወትር በጎ ነውን? የተጻፈ ስም ሰው ይጠራል፤ ገደሉም እየተናደ ቆፋሪ ገድሏል። ስለዚህ ስሙ ይሰወር የሚሉትን አንንቅም። ዳሩ ግን ቆፋሪው መንገዱን ያለ መዝገብ ያውቀዋል። ስሙ ሲሰወር ቦታው የሚጠፋው ገደሉን መርምሮ «እዚህ አትቆፍሩ» ሊል ከሚገባው ሹም ነው። (እኛም የመዝገብ ሰዎች ነንና ለመዝገብ እናደላ ይሆናል።)

ሻጩን ስፍራውን እንዲጽፍልን ለመንነው። «ወሎ» ከሚለው ሥር «ደላንታ» ብሎ ጨመረ።